ስድስት እጀታ ያለው የበቅሎ ወንበር

ደባርቅ ውስጥ ብረት ከብረት የሚያጋጥም ሰው ሁሉ ወይ ከእኔ ተምሯል፣ ወይ ከእኔ ከተማረ ሰው ተምሯል። ይህን ስል የሚስቁ አሉ። ይሳቁ። ገብተው የሚስቁበትን ቤት በር የሠራሁላቸው እኔ ነኝ።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት በደብር ቅጥር ውስጥ ነው። ብየዳ የለመድኩት ደግሞ በሊማሊሞ ቁልቁለት እየተሰበሩ በሚቆሙ የጭነት መኪናዎች ሥር ተጋድሜ ነው። መካኒኮቹ የተሰነጠቀ ብረት ሲያጣብቁ አየሁ፤ ለእኔ ማየት መማር ነው። ሌላው ሰው ዓመታት የሚፈጅበትን እኔ በአንድ ክረምት ጨረስኩት። መጽሐፍ አልነበረኝም፤ መጽሐፍ ያለው ሰው ግን ዕቃ ሲሰበርበት ወደ እኔ ይመጣል።

አዲስ ዕቃ መፍጠርን በተመለከተ ለረጅም ጊዜ አንድ ሕግ ብቻ ነበረኝ። የሚያመኝን እሠራለሁ። ባለቤቴ ዳባት ገበያ ቆሎ ትሸጥ ነበር፤ በጢስ ብዛት ዓይኗ መቅላት፣ ከዚያም ማልቀስ ጀመረ። ሐኪም ከጢስ ራቂ አላት። ቆሎ ሻጭን ከጢስ ራቂ ማለት ዓሣን ከውኃ ራቅ እንደ ማለት ነው። እኔ ያረጀ የናፍጣ በርሜል አመጣሁ፤ በመካከሉ ዘንግ አሳለፍኩበት፣ ከጎኑ ማዞሪያ አበጀሁለት፣ እሳቱን በላሜራ ከብቤ ጢሱን በቱቦ ወደ ውጭ ሰደድኩት። የመጀመሪያው ገብስ አረረ። ሁለተኛው ግማሹ ጥሬ ቀረ። በርሜሉ ውስጥ ማገላበጫ ክንፎች ከበየድኩ በኋላ ግን እንደ ወርቅ አንድ ዓይነት መልክ ያለው ቆሎ ወጣ። ባለቤቴ ገበያ ስታቀርበው ሴቶቹ «ማን ቆላልሽ?» አሏት። «በርሜል» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ የዳባት ቆሎ ሻጭ ሁሉ በርሜል አምጣልኝ ይለኝ ጀመር። ለማንም አልሰበክሁም፤ ማንንም አልለመንኩም።

ከዚህ የተነሣ ነገሩ ይኸው ነው ብዬ አመንኩ። ሕመሙን እይ፣ ዕቃውን ሥራ፣ ገበያ አውጣው፤ ሰው ራሱ እየሮጠ ይመጣል። ይህ ለበርሜል ሠርቷል። ለወንበሩ ግን አልሠራም፤ የማወራውም ስለ ወንበሩ ነው።

የመጨረሻ ልጄ ያገባችው ከሳንቃ በር ወዲያ፣ ወደ በየዳ ከሚወስደው መንገድ በታች ባለ መንደር ነው። የመኪናው መንገድ በላይ በገደሉ አፋፍ ያልፋል፤ መንደሩ ከታች በጉም ውስጥ ነው። አምቡላንስ እስከ መንገዱ ድረስ ይመጣል፤ ከዚያ በታች የሚወርደው የሰው እግርና የከብት እግር ብቻ ነው። ሕመምተኛ የሚወጣው በቃሬዛ ነው። ሁለት የባሕር ዛፍ አጠና፣ በመካከሉ በጠፍር የተጠለፈ አልጋ፣ ከሥሩ አራት ሰው፣ ከኋላ ደግሞ ለመቀያየር የሚከተሉ። ለዚህ ሥራ የቃሬዛ ማኅበር አላቸው። በመንደሩ ማኅበርተኛ ያልሆነ አባወራ የለም፤ ዳኛም አለው፣ ሥርዓትም አለው።

ልጄ የመጀመሪያዋን ስታምጥ አጨዳ ነበር። ወንዱ በየማሳው ተበትኗል። ጎልማሶቹ ደግሞ ከፊሉ ለሰሊጥ ሥራ ወደ ቆላ ወርዷል፣ ከፊሉ ከተማ ገብቷል፣ ከፊሉም ያለበትን ቤተሰቡ ጮክ ብሎ አይናገርም። ተሸካሚ እስኪሰበሰብ ፀሐይ ዘቀዘቀች። እኔ ከላይ መንገዱ ላይ ከአምቡላንሱ አጠገብ ቆሜ ቁልቁል ሳይ ቆየሁ። በመጨረሻ ከጉሙ ውስጥ ሲወጡ መጀመሪያ ያየሁት የዳኛውን ሽበት ነው። ከአጠናው ሥር የነበሩት አብዛኞቹ እንደ እኔ ያሉ ነበሩ። ቃሬዛውን አስቀምጠው ፊታቸውን አዙረው ተቀመጡ። ትከሻቸው ተልጧል።

ልጄ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም።

ሌላው ሰው ሐዘን ሲይዘው ያለቅሳል። እኔ ብረት እቆርጣለሁ። ደባርቅ ስመለስ የዚያን ሕፃን ነገር ባሰብኩ ቁጥር ዓይኔ ላይ የሚመጣው የተላጠ ትከሻ ነበር። የጎደለው ትከሻ ነው አልኩ። ትከሻ የማይፈልግ ነገር ልሥራ።

በዚያው ሰሞን የከተማው የእጅ ባለሙያዎች ለሥልጠና ተጠራን። ስለ አዲስ ምርት አሠራር ነው ተባለ። እኔን ስለ አዲስ ምርት ሊያሠለጥኑኝ! ሄድኩ፤ ሥልጠናውን እኔ የምሰጥ መስሎኝ ነበር ብል ውሸት አይሆንም። አሠልጣኟ ከጎንደር የመጣች ወጣት ሴት ናት። ግድግዳ ላይ ሰፊ ወረቀት ሰቅላ ክብ ሳለች፣ በክቡ ዙሪያ ቀስት ሳለች፤ ይህ ሞዴል ይባላል፣ ያኛው ስትራቴጂ ይባላል እያለች ታስረዳለች። መጀመሪያ ተጠቃሚውን ጠይቁ፣ ቀጥሎ በርካሽ ነገር ናሙና ሥሩ፣ ናሙናውን ስጡና እዩ፣ አሻሽሉ፣ እንደገና ስጡ። እኔ ይህን በርሜሉ ላይ ሁሉንም አድርጌዋለሁ፤ ቀስት አልሳልኩበትም እንጂ።

ወደ እኔ ዞረች። «አባቴ፣ እርስዎ ምን ሊሠሩ አስበዋል?»

«ወላድ የሚያወጣ የበቅሎ ወንበር» አልኳት።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አንድ አናጢ ከኋላ ተነሥቶ «መውለድ ያልሆነላት በቅሎ የወላድ ወንበር ልትሆን ነው!» አለ።

«አንተ የበቅሎዋን ያህል ብትሸከም እሷን ባላስቸገርኩ ነበር» አልኩት። ተቀመጠ።

ልጅቱ አልሳቀችም። «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። ተጠቃሚዋ ማን ናት?»

«ልጄ።»

«ጠየቋት?»

«የወለድኳትን ምን ብዬ እጠይቃታለሁ? ትንሽ ሳለች ጫማ የምገዛላት ሳልጠይቃት ነበር።»

«ልኳ ይሆን ነበር?»

«ትንሽ ይሰፋት ነበር» አልኩ፤ እውነት ስለ ሆነ። አዳራሹ እንደገና ሳቀ፤ አሁን እሷም ሳቀች።

ከዚያ አንድ ነገር አለች፤ ያን ጊዜ ከጆሮዬ አልገባም። «አባቴ፣ አሮጌው ዕቃ ለሰው የሚሠራለት ሥራ ሁሉ በዓይን አይታይም። የማይታየውን ሥራ ሳያውቁ አዲሱን ከሠሩ ሰው አሮጌውን አይጥልም።» እኔ በልቤ፣ ቃሬዛ ምን የማይታይ ሥራ አለው አልኩ። ሰው ይሸከማል፤ አለቀ።

ወንበሩን ሠራሁት። እንደዚያ ያለ ሥራ በሰሜን ተራራ ዙሪያ ከዚያ በፊት ማንም አልሠራም፤ ሠርቷል የሚል ካለ ያሳየኝ። ኮርቻ ላይ የሚቀመጥ የቱቦ ክፈፍ ነው። ሴትዮዋ ወደ ጎን ዞራ ትቀመጣለች፣ ጀርባዋ ይደገፋል፣ እግሯ ማረፊያ አለው። ዳገት ሲሆን መደገፊያው ወደ ፊት፣ ቁልቁለት ሲሆን ወደ ኋላ ይታጠፋል። ከመቀመጫው ሥር የመኪና ባሌስትራ ቁራጭ ስላስገባሁበት የበቅሎዋ እርምጃ ወገብ አይመታም። የበቅሎዋም ጀርባ እንዳይገጠብ ከአሮጌ የመኪና ወንበር ያወጣሁትን ስፖንጅ በቆዳ ለብጬ ከሥር አደረግሁ። ዙሪያውን ደግሞ ዕቃ ማሠሪያ እንዲሆን ቀለበት በየድኩበት። ያ ቀለበት ኋላ ምን እንደሚያደርግ ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ለመሞከር መጀመሪያ ራሴ ተቀመጥኩበት። ቀጥሎ የገብስ ጆንያ ጫንኩበት። ቀጥሎ የሰፈራችንን ቄስ፣ የልጅነት ጓደኛዬን፣ ለመንኩት።

«መምሬ፣ እስቲ ይውጡበት።»

«ልወልድ ነው እንዴ?»

«ስብከትዎን ይገላገሉበት፤ ሁልጊዜ ምጡ ይረዝማል።»

እየሳቀ ወጣ፤ በአሮጌው የበቅሎ መንገድ ቁልቁል ወርደን ተመለስን። ሲወርድ ወገቡን ዳሰሰና «እጅህ ይባረክ፤ እንደ አልጋ ነው» አለኝ። ያየው ሁሉ እጅዎ ይባረክ አለኝ። በደባርቅ ባዛር ሹማምንቱ ከወንበሩ አጠገብ አቁመው ፎቶ አነሡኝ፣ የምስክር ወረቀትም ሰጡኝ። ወረቀቱ አሁንም ሱቄ ግድግዳ ላይ አለ፤ ብልጭታ እንዳያቃጥለው በመስተዋት አድርጌዋለሁ። የመጀመሪያውን ወንበር በልጄ መንደር ላለው ጤና ኬላ ሰጠሁ።

ከዚያ ጆሮዬን አቅንቼ ጠበቅሁ። ዜና የለም። አማቼ ገበያ የወጣ ዕለት ደወልኩለት።

«ወንበሩ እንዴት ነው?»

«ምን ይወጣለታል አባቴ! በጣም ጥሩ ነው።»

«ማን ወጣበት?»

«እ... ይወጡበታል።»

እኔም ይወጡበታል ብዬ ተኛሁ። አሠልጣኟ ከሣለችው ክብ ላይ «አስተያየት ተቀበል» የሚል ቀስት ነበረ። በእኛ አገር ግን ሽማግሌ የሠራውን ይዞ ምን ትላለህ ሲል የሚሰጠው ምርቃት ነው። «አባቴ፣ ይህ ዕቃ አያስፈልገንም» የሚል አፍ አልተፈጠረም። ጎንደር ላይ ይሠራ እንደሆነ እንጃ እንጂ፣ ሰሜን ላይ ያ ቀስት ይሉኝታ ውስጥ ገብቶ ይቀራል።

ልጄ ዳግም ማርገዟ ተሰማ። ክረምቱ ሲገባ፣ ቀኗ ሲቃረብ፣ በቅሎዬን ይዤ ወረድኩ። መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ጤና ኬላው ነው። ወንበሬ በረንዳው ላይ፣ ከግድግዳው ተጠግቶ ቆሟል። ስፖንጁ ላይ ዶሮ ታቅፋበታለች።

ዘበኛው ሲያየኝ ደነገጠ። «አይቆጡ አባቴ» አለኝ፤ «እሷም እናት ናት። እስካሁን የተገላገለችበት እሷ ብቻ ናት።»

ላነሣት እጄን ስሰድ በመንቆሯ ወጋችኝ። ትቻት ወደ ልጄ ቤት ሄድኩ።

ልጄ ገብስ እየለቀመች ነበር። ሰላምታዬንም ሳልጨርስ «ሰው ያን ወንበር ምን አድርጎት ነው የጠላው?» አልኳት።

«ማን ጠላው?»

«ዶሮ ወዶታል፤ አይቻለሁ።»

ሳቀች፤ ከዚያ ገብሱን ወደ ጎን አደረገች። «አባቴ፣ እውነቱን ልንገርዎ?»

«ንገሪኝ።»

«አይቆጡም?»

«እቆጣለሁ። ግን ንገሪኝ።»

«በበቅሎ የምትወጣ ወላድ ሰው የሌላት ናት። መጻተኛ ናት። ባለፈው እኔን ሲያወጡኝ ተጋድሜ ሳለሁ እንኳ ከአጠናው ሥር ማን እንደ ገባ፣ ማን እንደ ወጣ አውቅ ነበር። ከባሌ ጋር በማሳ ድንበር የተካሰሰው ሰውዬ ገባ። ‹ተቀበል› ሲሉት ‹ተቀበልኩ› ሲል ድምፁን ሰማሁት። ከዚያ ወዲያ ክሱ ቀረ። የእርስዎ በቅሎ ክስ ታስቀራለች?»

«በቅሎዋ ቶሎ ታደርሳለች።»

«ታደርሳለች። ስመለስስ? ሳልጠራቸው ብወጣ ንቃን ነው የሚሉኝ። ባሌ ከደረስጌ የመጣ ሰው ነው፤ እዚህ የአባቱ አጥንት የለም። ያለው ዘመድ ይህ ማኅበር ነው። ነገ እሱ ቢወድቅ ማን ያነሣዋል?»

ተቆጣሁ። ቁጣዬን አውቀዋለሁ፤ ከእሳት በፊት ብልጭታው ይረጫል። «ብትሞቺ ማኅበሩ ምን ያደርግልሻል?» አልኳት።

«ይሸከመኛላ» አለችኝ።

ይህን ስትል አልከፋትም፤ እንደ ማንኛውም ነገር ነው የተናገረችው። እኔ ግን ወጥቼ ከበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ዕቃ ሲበላሽብኝ የት ጋ እንደ ተበላሸ ወዲያው አውቃለሁ፤ ሞተር ቢሆን በድምፁ፣ ብየዳ ቢሆን በቀለሙ። ይህ ወንበር ግን የትም አልተበላሸም። ብረቱ ደኅና ነው። ባሌስትራው ደኅና ነው። ልጄም የምትናገረው እውነት ነው። ሁለቱም ደኅና ሆነው ልጄ ልትሞት ነው። እንደዚያ ያለ ጭንቀት በሕይወቴ አላውቅም።

አልተመለስኩም። ዶሮዋን ከነእንቁላሏ ወደ ቅርጫት አዛውሬ፣ ወንበሩን አጥቤ፣ ከልጄ ቤት ጓሮ አቆምኩት።

ምጡ የመጣ ዕለት ማለዳውን ዝናብ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ጉሙ መንደሩን ሞላው። አማቼ ጉብታ ላይ ወጥቶ ተጣራ። ከየቤቱ የወጣው ሰው ባለፈው ከነበረው ያነሰ ነው፦ ዳኛው፣ ድንበርተኛው ሰውዬ፣ ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች፣ አንድ ከሕመም በቅርቡ የተነሣ ጎልማሳ። ለመቀያየር የሚበቃ የለም። ልጄን ቃሬዛው ላይ አጋደሟት፤ አማቼም ከሥር ገባ። እኔ በቅሎዋን ከነወንበሯ ስቤ ከኋላ ተከተልኩ። አትምጣ ያለኝ የለም፤ ወደ ኋላ ዞሮ የሚያየኝም የለም።

የመጀመሪያውን ዳገት ሲጀምሩ ከጭቃው ላይ የአንደኛው ሽማግሌ እግር ከዳው። ቃሬዛው አዘነበለ። ልጄ ጮኸች፤ ያን ጩኸት አልጽፈውም። አማቼ በጉልበቱ ተንበርክኮ አጠናውን ያዘ እንጂ ወደ ገደሉ ነበረች። መሬት አስቀመጧት። ሁሉም ያለከልካል። ፊቷ አመድ መስሏል።

ወደ ዳኛው ቀረብኩ።

«ዳኛ፣ በቅሎዋ አለች።»

«አያለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን? ማኅበሩ በእግሩ ቆሞ ሳለ ልጅቷን በከብት ሰድጄ እኔ ምን ልባል? እኛስ ምን ልንሆን? እንደ ነጋዴ ጭነት ‹በሰላም ግቢ› ብለን ልንሸኛት?»

ልጮኽበት አፌን ከፈትኩ። የምለውን አዘጋጅቼ ነበር፤ ያለፈውንም ሕፃን ልጠቅስ ነበር። ዓይኔ ግን መሬት ላይ ከተዘረጋው ቃሬዛ ጠፍር ላይ ወደቀ። ከዚያ ወደ ወንበሬ ቀለበቶች ሄደ። እጄ ከእኔ ቀድሞ ገባው። ከአንደበቴ የወጣው ካዘጋጀሁት ሌላ ነበር።

«ይህን ጠፍር ፍቱልኝ» አልኩ። «ከወንበሩ ቀለበት ላይ ይታሠር። እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ጠፍር ያዙ። ሁለታችሁ ከፊት ሳቡ፣ ሁለታችሁ ከኋላ ደግፉ፣ ሁለታችሁ ከጎን። ክብደቱን በቅሎዋ ትያዝ። ልጅቷን እናንተ ያዙ።»

ማንም አልተነቃነቀም። ዳኛው ቃሬዛውን አየ። የአባቱ አጠና እንደሆነ ኋላ ነው የሰማሁት። «ቃሬዛ ተፈትቶ አያውቅም» አለ።

ልጄ ከመሬት ሆና ዓይኗን ከፈተች። «አባባ» አለችው፤ እኔን ሳይሆን እሱን። «የእርስዎ እጅ ካለበት እወጣለሁ።»

ዳኛው ተንበርክኮ ጠፍሩን በገዛ ጥርሱ ፈታው።

እውነቱን ልናገር። ያ ጠፍር ምንም አልተሸከመም። ወንበሬ ያለ እነሱም አይነቃነቅም ነበር፤ የሠራሁት እኔ ነኝና አውቃለሁ። መንገዱ በጠበበ ቁጥር የጎኖቹ ወደ ኋላ ይላሉ፤ ሲሰፋ ይመለሳሉ። የደከመው ‹ተቀበል!› ይላል፤ ሌላው ‹ተቀበልኩ!› ብሎ ጠፍሩን ይወስዳል። ክብደት የሌለውን ነገር እንደ ከባድ ነገር እየተቀባበሉ ሲወጡ ሳይ፣ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሳቄ ሊመጣ ምንም አልቀረውም። ከዚያ የልጄን ዓይን አየሁ። በእያንዳንዱ ‹ተቀበልኩ› ዓይኗ ወደ ድምፁ ይዞራል። ድንበርተኛው ሰውዬ ሲቀበል ራሷን ትንሽ ነቀነቀች። ሳቄ የት እንደ ገባ አላውቅም።

ጅብራ ከበቀለበት ሜዳ ስንደርስ የስልክ መስመር ተገኘና አማቼ ደወለ። ከመንገዱ ላይ አምቡላንሱን ያዝነው። ልጄ በደባርቅ ሆስፒታል ሴት ልጅ ወለደች። ሁለቱም ተረፉ። ዳኛው እስከ መንገዱ ድረስ ጠፍሩን ከእጁ አላወጣም፤ አምቡላንሱ ሲሄድም እንደ ያዘው ነበር አሉ።

ከዚያ ወዲያ እንደ በርሜሉ ሆነ። ከየመንደሩ «ያን እጀታ ያለውን» እያሉ መጡ። ‹ወንበሩን› አላሉም፤ ‹እጀታ ያለውን› ነው ያሉት። በጠፍሩ ፋንታ አስቀድሜ ስድስት የብረት እጀታ በማጠፊያ ገጥሜ ነበር፤ ለእጅ እንዳይቀዘቅዝ በጠፍር ጠቀለልኳቸው። ያቺ አሠልጣኝ ሰምታ ሱቄ ድረስ መጣች። እጀታውን ወደ ላይ ወደ ታች እያደረገች «ይህ ምን ያግዛል አባቴ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ምንም?»

«ሚዛን ላይ ከሆነ ምንም። እንዲያውም ለበቅሎዋ ሸክም ይጨምርባታል።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ «ይህን በሥልጠናዬ ላይ ባሳየው ይፈቅዱልኛል?» አለች። ፈቀድኩላት። ክቧን አሁን ስትስል የእኔን ወንበር በመካከሉ ታደርገዋለች ይባላል። ቦታው ነው።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ ነበር። ግን ባለፈው ክረምት አዲስ ወንበር ለጎረቤት መንደር ላደርስ ስወርድ፣ ከታች አንዲት ወላድ ይዘው ሲወጡ መንገድ ላይ ተገናኘን። መጀመሪያ ድምፅ ነው የሰማሁት፤ ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭ ቀጭ፣ ብረት ከብረት ሲጋጭ። ከጉሙ ሲወጡ ከፊት ባልየው ነበር፤ ከኋላ አንድ ሽማግሌ። በቃ። የተቀሩት እጀታዎች ባዶአቸውን እየተወዛወዙ ቱቦውን ይመታሉ። ሴትዮዋ ፊቷን በነጠላ ሸፍናለች። መንገድ ለቀቅሁ፤ ካለፉ በኋላ ግን በቅሎዬን ማለዳ አብሮኝ ለወረደ ሰው ትቼ ተከተልኳቸውና አንዱን እጀታ ያዝኩ። ሽማግሌው ዞሮ አየኝና «ተቀበል አላልኩም» አለ። «ተቀብያለሁ» አልኩት። ሴትዮዋ ድምፄን አላወቀችውም። ማን ነው ብላ ጠየቀች፤ ባልየው ምን እንደ መለሰላት አልሰማሁም።

በቅርቡ አማቼ ሱቄ መጣ። ወንበሩ አሁን ከእኔ ይልቅ በእሱ አፍ ይታወቃል፤ የየመንደሩን ትእዛዝ እሱ ነው የሚያመጣው።

«አባቴ፣ ከላይኛው መንደር አንድ ይፈልጋሉ። እጀታው ግን ሁለት ይብቃ ብለዋል።»

«ማን ብሎ?»

«የማኅበራቸው ዳኛ። ሰው የለም። ባዶው ሲንቀጫቀጭ ሴቶቹ ይከፋቸዋል አለ። አንዷ በመንገድ ላይ አስቁማ ባዶዎቹን እጀታዎች ከወንበሩ አስፈታች።»

ይህ ይሉኝታ የሌለበት አስተያየት ነበር፤ ስንት ዘመን የጠበቅሁት። አንድ ቱቦ ከመደርደሪያው አወረድኩ።

«የማይንቀጫቀጭ አደርገዋለሁ» አልኩት። «ጎማ አለብሰዋለሁ። ሲታጠፍ ከክፈፉ ጋር ይገጥማል፤ እንዳለም አያስታውቅም።»

«ሁለቱን?»

«ስድስቱንም።»

«አባቴ፣ ባዶ ብረት በቅሎዋ ለምን ትሸከማለች?»

«ትሸከም። የወረዱት ከቆላ ቢመለሱ፣ የሄዱት ቢመጡ፣ ምን ይያዙ?»

አማቼ ወደ መንገዱ አየ፤ ገበያ ስላልነበረ ባዶ ነው። ቱቦውን ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አሠርኩት። እሱም ሳልጠይቀው ሌላውን ጫፍ ያዘልኝ፤ መጋዙን አነሣሁ።